ጉልላት የሰየመው ውሃ

«አንተ ጉልላት፣ ያ ማር ውሃ የምትሉት ውሃ በእውነት ይጣፍጣል?»

ጠያቂዋ ሁሪያ ናት። የሾፌሩ የከድሩ ሚስት ናት፤ በቀያሾቹ ሰፈር ጫፍ፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ማንቆርቆሪያ ይዛ ሻይ ትሸጣለች። ጉልላት ያን ማለዳ ከጫካ መመለሱ ነበር። ከርከሮ የነቀላቸውን ችካሎች መልሶ ሲተክል ሦስት ቀን ሰንብቷል። ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምነው ጠየቅሽ?»

«ከድሩን ከትናንት ወዲያ ላኩት። ወንዙ ስለደፈረሰ በርሜሎቹን ጭኖ ይሂድ፣ ከማር ውሃ ሞልቶ ማታውን ይመለሳል አሉኝ። ይኸው ሁለት ቀን። ለራሱ አንድ ኮዳ ነው የያዘው። ጨምር ብለው ‹ወደ ውሃ እየሄድኩ ውሃ ልሸከም?› ብሎ ስቆብኝ ሄደ።»

ጉልላት ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ማር ውሃ የሚባል ውሃ በዓለም ላይ የለም። ያለው ከምድር ሆድ እየፈላ የሚወጣ፣ ድኝ ድኝ የሚሸት፣ ግመል እንኳ አሽትቶ ፊቱን የሚያዞርበት መራራ ምንጭ ነው። ስሙን ያወጣለት ራሱ ጉልላት ነበር፤ ለቀልድ። ቀልዱ ግን ካርታ ላይ ወጣ፤ ካርታውን ደግሞ ከድሩ አመነው።

ጉልላት እንዲህ ያለ ሰው የሆነው በአንድ ቀን አይደለም። የተወለደው አዋሽ ጣቢያ ነው። አባቱ ከቡልጋ ወርደው የሐዲድ ሠራተኛ ሆነው የቀሩ ሰው ነበሩ። ባቡሩ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል፤ ባቡር ሲቆም ተሳፋሪ ይወርዳል፤ ተሳፋሪ ሲወርድ ወሬ አብሮት ይወርዳል። ጉልላት ገና ጥርሱን ሳይጨርስ ከሦስተኛ ማዕረግ የሰማውን ለአንደኛ ማዕረግ፣ ከአንደኛ የሰማውን ለሦስተኛ ማድረስ ጀመረ። መንገድ ላይ ግን ወሬው ይወፍራል። ድሬዳዋ ላይ ራሱን ያመመው ነጋዴ ጉልላት ዘንድ ሲደርስ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሚስቱም አግብታበት ይቆያል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሞተ ሰው በማግስቱ ባቡር መጥቶ የራሱን ለቅሶ ደረሰ።

መቀመጥ አይሆንለትም። እናቱ ወይዘሮ አገሬ «ይህን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኩት» ይሉ ነበር። ጭነት አራጋፊ ሆነ፤ ተወ። ቡፌ ቤት ሳህን አጠበ፤ ተወ። አዋሽ አርባ ወፍጮ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረና አርባ ቀን ሳይሞላው ተመለሰ፤ ጣቢያው በሙሉ «አርባ ሄዶ አርባ አልደፈነም» ሲል ከረመ። ሁለት ጊዜ ታጨለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ሲመለሱ እሱ ባቡር ላይ ነበር። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ነገር ቢኖር አፋርኛ ነው። ወተትና ቅቤ ይዘው ወደ ጣቢያው ገበያ ከሚመጡት ሴቶች ጋር ሲላፋ ቋንቋው ሳያውቀው ገባለት።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ቀያሹ አቶ ወልደ ኢየሱስ አፋርኛ የሚችል ሰው ፍለጋ አዋሽ መጡ። ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ቀልድ በቴሌግራም ቢላክላቸው እንኳ የማይደርሳቸው ሰው ናቸው።

«በእግር መሄድ ትችላለህ?» አሉት።

«መቆም ነው እንጂ ጌታዬ የማልችለው።»

አቶ ወልደ ኢየሱስ ‹መሄድ ይችላል› ብለው ጻፉና ወደ ታችኛው አዋሽ ይዘውት ወረዱ።

የታችኛው አዋሽ ያኔ ከነጫካው ነበር የሚሄደው። ከድንጋያማው ሜዳ ላይ ሆኖ ለሚያየው፣ በተቃጠለ ምድር ላይ ጥቁር አረንጓዴ ዘንዶ የተጋደመ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ሌላ አገር ነው። ግራሩ ከግራሩ ጋር ራስ ለራስ ገጥሟል፤ ሐረጉ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ቀትር ላይ እንኳ መሬቱ ለእግር ይቀዘቅዛል። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበት መንገድ መሐሉ ሣር ሆኖ ግራና ቀኙ ተፍቆ፣ ጋሪ ያለፈበት ይመስላል። ጦጣዎቹ በየችካሉ ላይ የሚታሰረውን ቀይ ጨርቅ እየፈቱ ይሸሻሉ። አንዷ ጨርቁን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቅርንጫፍ ላይ ስትንቀባረር ጉልላት ቆቡን አውልቆ «እንደምን አረፈዱ ወይዘሮ ችካል!» ይላታል።

ሥራው ይህን ጫካ በቀጥታ መስመር መሰንጠቅ ነበር። አቶ ወልደ ኢየሱስ በመሣሪያቸው አጮልቀው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይጎትታሉ፤ ጉልላት ችካል ይተክላል፤ መስመሩ ላይ የተገኘ ዛፍ ይወድቃል። ከኋላቸው መሬቱን ያስቀየሰው ኩባንያ ትራክተርና የጥጥ ዘር ይዞ ይጠብቃል። ዛፍ በወደቀ ቁጥር ከሥሩ አንድ ነገር ይሮጣል፤ ሚዳቋ፣ ጅግራ፣ አንዳንዴ ማንም ያልጠበቀው ዘንዶ። ያን ጊዜ ማን ከማን እንደሚሸሽ አይታወቅም። ጉልላትን ያ ሁሉ ሩጫ መጀመሪያ ያስቀው ነበር። እየቆየ ግን ዛፍ ሲንቋቋ ወደ ሌላ ማየት ጀመረ።

አቶ ወልደ ኢየሱስ በየመቶ እርምጃው ጉድጓድ ያስቆፍራሉ። ከላይ ጥቁር ጭቃ፣ ከሥሩ አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና ጭቃ፣ ከዚያ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይወጣል።

«ወንዙ ድሮ እዚህ ነበር» ይላሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ከዚህ ወደዚያ ሄደ። ቆይቶ ተመለሰ። እንደገና ሄደ።»

«ዘመዴ ነዋ ጌታዬ!» ይላል ጉልላት። «እሱንም እናቱ ጉንዳን ላይ ወልዳው ነው።»

ከጫካው ወጥተው ወደ ሰሜን ሲሻገሩ ምድሪቱ በአንዴ ትገለበጣለች። ዛሬ የሰመራ ቢሮዎች የተደረደሩበት ሜዳ ያኔ ጥቁር ድንጋይ፣ ንፋስና ሰጎን ብቻ ነበር። አልፎ አልፎ ሳላ ቀንዷን እንደ ጦር ቀስራ ትቆማለች። አቶ ወልደ ኢየሱስ እንደሚሉት የምድር ቆዳ እዚህ ላይ ስስ ነው፤ ከሥር እሳት አለ፤ አገሩ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ ይሰነጠቃል። በየስንጥቁ እንፋሎት ይወጣል። ጉልላት ይህን ሜዳ አይወደውም። እንደ እሱ ያለ ሰው ምድርም አርፋ አለመቀመጧን ሲያይ ይጨንቀዋል።

ካርታ ደግሞ ስም ይፈልጋል። ስሙን የሚያውቀው ሀምዳ ነበር፤ ከብቶቹን በበጋ ጫካው ውስጥ፣ በክረምት ሜዳው ላይ የሚያሰማራ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ የአፋር ሽማግሌ። ሀምዳ ስም አይነፍግም። ግን አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ዝም ብሎ ጠይቆ አያልፍም። ይቀመጣል። ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ ምን እንደሰማህ፣ ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትነግረዋለህ፤ ስትጨርስ እሱ በተራው ይነግርሃል። ዳጉ ይባላል። ሰው ውሃና ግጦሽ፣ ሞትና ሰላም የት እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ጉልላት ዳጉን መጀመሪያ ያየ ዕለት ደስታው ልክ አልነበረውም። ወሬ ሕግ የሆነበት አገር! ለእሱ የተፈጠረ አገር! ወዲያው ግን ሁለት ነገር ከበደው፤ መቀመጡና አለመጨመሩ። ለአንድ ኮረብታ ስም አንድ ሰዓት ቁጭ! ሦስት ስም እንደምንም ተቀመጠና በአራተኛው ከራሱ ማውጣት ጀመረ። እንደ ምላጭ የሰላውን የድንጋይ ሸንተረር ‹የሁሪያ ምላስ› አለው። አናቱ የተላጨውን ኮረብታ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ‹የገብረሥላሴ ራስ› አለው። ያን የሚገማ ምንጭ ‹ማር ውሃ› አለው። ሰንሰለት ጎታቾቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምንጩን በመሣሪያቸው ከሩቅ ብቻ ያዩት አቶ ወልደ ኢየሱስ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ‹ማር ውሃ፣ ምንጭ› ብለው ጻፉ። ከድሩ ያን ሰሞን ለሁሪያ ሻይና ስኳር ሊያመጣ አዋሽ ሄዶ ነበር፤ ሳቁን አልሰማም።

ሀምዳ ግን ሰማ።

«ያን ውሃ ማን አላችሁት?» ብሎ ጉልላትን ጠየቀው።

«ማር ውሃ።»

«ቀምሰኸው ነው?»

«ቀልድ ነው እኮ አባ ሀምዳ።»

ሽማግሌው ሁለት ጣት ዘረጋ። «ያየ አለ፤ የሰማ አለ። ቀልድ የምትለው በየትኛው በኩል ነው የሚገባው?»

ጉልላት ይህንንም ለሰንሰለት ጎታቾቹ ነግሮ እንደገና አሳቃቸው።

አሁን ሁሪያ ፊቱ ቆማ ትጠብቃለች። አቶ ወልደ ኢየሱስ በሌላው መኪና አሳይታ ሄደዋል፤ ነገ እንጂ ዛሬ አይመለሱም። ጉልላት ወሬ ፈለገ፤ አንድ ለስለስ ያለ፣ ሰው የማያስደነግጥ ወሬ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመጣለትም።

«ሁሪያ፣ ውሃው መራራ ነው» አለ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስስቅ።»

ሁሪያ አልጮኸችም። ያ ነው የባሰው። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ስትስቅ» አለች። «እንግዲያው እየሳቅህ አምጣልኝ። ወላሂ ባሌን ሳትይዝ ወደዚህ ዋርካ እንዳትመለስ!»

ሁለት ኮዳ አንጠልጥሎ ወጣ። ጫካውን ሲጨርስ ፀሐይ እንደ በር ተከፍታ ተቀበለችው። ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ እንደገና ይሮጣል። ድንጋዩ ጫማውን አልፎ ይለበልበዋል። የመኪና ዱካ አገኘ፤ ንፋስ ከደመሰሰበት ላይ ጠፋበት። ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ተጠራጥሮ ወደ ሰሜን ዞረ፤ አሁንም ተጠራጠረ። ጭንቅላቱ ውስጥ ከድሩ አሥር ጊዜ ሞተ፤ አሥሩንም ጊዜ ወሬውን ለሁሪያ የሚያደርሰው ራሱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ኮዳ በዚህ ምድር ላይ ስንት ቀን ይቆያል? መልሱን ያውቀዋል። ስለዚህ ይሮጣል።

ቀትር ሲቃረብ ከአንዲት ብቸኛ ግራር ሥር ግመሎች አየ፤ አጠገባቸው ቀይ ጺም።

«አባ ሀምዳ! መኪና አይተሃል? ከድሩን አይተሃል?» ብሎ ከሩቅ ጮኸ።

ሀምዳ እስኪደርስ ጠበቀው። እጁን ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ። ከዚያ ዱላውን አጋድሞ ተቀመጠና የፊቱን መሬት በመዳፉ ጠረገለት።

«ከየት መጣህ?»

«ከሰፈር ነዋ! ሰው እየሞተ ነው፣ ዳጉው ይቆየን...»

«ሰው እየሞተ ከሆነ በደንብ ንገረኝ።»

ጉልላት ተቀመጠ። «ከሰፈር መጣሁ። ሰፈር ሰላም ነው። አንድ መኪና መንገድ ስቶ ጠፋ።»

«መንገድ ስቶ? አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«ሰምቼ... አይ፣ አልሰማሁም። ገምቼ ነው።»

«ግምት አልጠየቅሁህም። ከመጀመሪያው ጀምር።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። ችካል የነቀለውን ከርከሮ፣ ከጫካ የተመለሰበትን ሰዓት፣ ሁሪያ ያለችውን ቃል በቃል፣ አንዷን ኮዳ፣ በርሜሎቹን፣ ሁሉንም ተናገረ። ምንጩ ላይ ሲደርስ ምላሱ ሊያመልጥ ሞከረ።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ጉልላት። «ውሃው መራራ እንደሆነ አውቅ ነበር። አንተ እውነተኛውን ስም ትነግረኝ ነበር፤ እኔ መቀመጥ ሰለቸኝ። ሰውየው የሄደው በእኔ ቃል ነው።»

አንድም አልጨመረም፤ አንድም አልቀነሰም። ሲጨርስ ሮጦ የመጣ ሳይሆን ድንጋይ ተሸክሞ ያወረደ ሰው ይመስል ነበር።

«ሰማሁ» አለ ሀምዳ። «አሁን የእኔ ተራ ነው።»

ቀጠለም። ከአምስት ቀን በፊት ከወንዙ ዳር ተነሣ። ሣሩ አልቋል። አንዲት ግመል ወለደች፤ ሴት ናት። የአጎቱ ልጅ ጣሃ እግሩን እሾህ ወግቶት አበጠ፤ አሁን ተሽሎታል። የሰጎን ጎጆ አየ፤ እንቁላሉን ቀበሮ ሰብሮታል። ጉልላት ከንፈሩን ይነክሳል፤ መሬቱን ይቧጭራል፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ሽማግሌው ከግመሏ እንደሚጀምርበት ያውቃል።

«ከትናንት ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እህቴ በምሥራቅ በኩል የመኪና ድምፅ ሰማች...»

ጉልላት ዘሎ ተነሣ። አሥር እርምጃ ሄዷል።

«ተቀመጥ፤ አልጨረስኩም» አለ ሀምዳ ድምፁን ሳያነሣ። «በዚያ በኩል መሬቱ ባለፈው ክረምት ተከፍቷል። ላዩ አፈር ለብሷል፤ ሥሩ ባዶ ነው። መኪናው የፊት እግሩን የነከረው እዚያ ነው። አንተም ልትከተለው ነው?»

ጉልላት ተመልሶ ተቀመጠ። «ሰውየውስ?»

«ሰውየው ላይ ገና አልደረስኩም።»

ደረሰ። ትናንት ረፋድ ላይ እህቱ ከእንፋሎቱ ድንጋዮች ሥር አንድ ሰው አገኘች። እነዚህን ድንጋዮች የከመሩት አፋሮች ናቸው። ምድር በምትተነፍስበት ስንጥቅ አፍ ላይ ድንጋይ ይቆልላሉ፤ እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ያልበዋል፤ ላቡ እየተንጠባጠበ ከሥር በተማሰችው ጉድጓድ ይጠራቀማል። ያ ውሃ ይጠጣል። ሰውየው ጉድጓዷን አላያትም ነበር፤ ድንጋይ ይልስ ነበር።

«ትናንት ሕይወት ነበረው፤ ይህን ከእህቴ ሰምቻለሁ» አለ ሀምዳ። «ዛሬ አላየሁም፤ አልሰማሁም። አሁን ጨረስኩ። ተነሣ።»

ባዶውን መሬት ዞረው ሄዱ። ሽማግሌው ከፊት በዱላው ምድሩን እየነካካ፣ ጉልላት ኮቴውን በኮቴው እየተከተለ። ቀጥ ብሎ ቢሄድ ኖሮ የሚገባበትን ስንጥቅ በጎን አየው፤ ጥቁር ነው፤ ከውስጡ ሙቀት ይወጣል። ሊሮጥ ቢፈልግም የሚሮጥበት መሬት አልነበረውም።

ከድሩ በድንጋዩ ጥላ ሥር በቆዳ ላይ ተኝቷል። የሀምዳ እህት የፍየል ወተት በእንስራ ስባሪ ይዛ በጠብታ በጠብታ ታጠጣዋለች። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ጉልላት አጠገቡ ተንበረከከና ስሙን ጠራ። ደግሞ ጠራው።

ከድሩ አንድ ዓይኑን ከፈተ።

«ማርህን ቀመስኩት» አለ።

ጉልላት ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ መጡበትና ሁለቱንም ዋጣቸው። «ከድሩ ወንድሜ...»

«አታውራ» አለው ከድሩ። «ዛሬ እንኳ አታውራ።»

ዛሬ አላወራም። ማታ ከድሩን በግመል ጭነው ወደ ጫካው ዳር አወረዱት። በማግስቱ የሀምዳ ወገኖች መኪናውን በገመድና በግመል ጎትተው አወጡት። በርሜሎቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል፤ ከድሩ ሳይቀምስ ነበር የሞላቸው። ጣሃ ሊደፋቸው ሲል ከድሩ መልእክት ልኮ ከለከለ። «እንዳለ ይምጣ፤ ሁሪያ ትፈልገዋለች» አለ።

ፈለገችው። ሰፈሩ በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰብስቧል፤ ከድሩ አግዳሚው ላይ ጋደም ብሏል። ሁሪያ «አልሐምዱሊላህ» ስትል አድራ ድምፅዋ ሻክሯል። ብርጭቆ አነሣች፤ ከበርሜሉ ቀዳች፤ ጉልላት ፊት አስቀመጠች።

«ጠጣ። ማር ነው ብለሃል።»

«ተይው ሁሪያ» አለ ከድሩ።

«አልተወውም።»

ጉልላት ብርጭቆውን አነሣ። ሽታው ዓይኑን አስለቀሰው። ሰንሰለት ጎታቾቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ የሚስቅ የለም። በአንድ ትንፋሽ እስከ ታች ጠጣና ብርጭቆውን ገልብጦ አስቀመጠው። ለጥቂት ጊዜ ጀግና መሰለ። ከዚያ ሆዱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጉልላትም ወደ ቁርቁራው ቁጥቋጦ በረረ።

ከአሳይታ የተመለሱት አቶ ወልደ ኢየሱስ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ሁሉን ሰምተዋል። ካርታውን ዘርግተው፣ እርሳሳቸውን ስለው፣ ቁጥቋጦው ፊት ቆሙ።

«ጉልላት! የዚህ ምንጭ ትክክለኛ ስም ማን ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ!» አለ ቁጥቋጦው።

«የሸንተረሩስ?»

«እሱንም አላውቅም!»

«ይህ ኮረብታስ? ‹የገብረሥላሴ ራስ› የሚለው?»

ገብረሥላሴ ቆቡን ወደ ታች ሳብ አደረገ። ጉልላት ከቁጥቋጦው ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ቀበቶውን እያጠበቀ ነው።

«ከሠላሳ አራቱ ስም ሠላሳ አንዱን አላውቃቸውም ጌታዬ» አለ። «ሦስቱን ብቻ ነው ተቀምጬ የሰማሁት። የቀሩትን ይሰርዟቸው። ሀምዳ ዘንድ ልሂድ።»

አቶ ወልደ ኢየሱስ ካርታውን አጠፉ። ከሥራ ሊያሰናብቱት አስበው እንደነበር ግንባራቸው ላይ ይነበባል፤ ግን ሠላሳ አንድ ስም የሚያመጣላቸው ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱ እስኪጨርስ ጌታዬ።»

ኮዳውን ከግንዱ ላይ አወረደ፤ ባዶ ነው። ሁሪያ ከእጁ ነጠቀችው። ወንዝ ወርዳ ሞልታ፣ በነጠላዋ ጫፍ አጥልላ መለሰችለትና አልለቀው አለች።

«የወንዝ ነው» አለች። «ቅመስ መጀመሪያ። ማንም ይንገርህ፣ ቅመስ።»

ጉልላት ክዳኑን ከፍቶ ቀመሰ። ከዚያ መንገዱን ጀመረ።